ከከብት የሚመጡ ጥገኛ ትሎች ለምን አይለቁንም? ነገሩ ከጥሬ ሥጋ ክርክር ይሰፋል

ጾም በተፈታ ቁጥር አንድ ክርክር አብሮ ይመጣል። አንዱ የቁርጥ ፎቶ ይለጥፋል፣ ከሥሩ ሰው ይሰለፋል። «የምትበሉት ኮሶ ነው» የሚል አለ። «አያቶቻችን ይህንኑ በልተው ዘጠና ዓመት ኖረዋል» ብሎ የሚመልስ አለ። «በአረቄ ካወራረድከው ምንም አይልህም» የሚልም አይጠፋም። መሃል ላይ አባ ሰንጋው፣ ቲቢው፣ የጉበት ትሉ፣ ካንሰሩ ሁሉ ይደባለቅና አንባቢው ወይ ሁሉንም ይፈራል፣ ወይ ሁሉንም ይንቃል።

ክርክሩ የሚያየው ሥጋው ሳህን ላይ ከወጣ በኋላ ያለውን ብቻ ነው። ትሉ ግን እዚያ የደረሰው ብዙ ዞሮ ነው። ሜዳ ላይ ነበር፣ በረት ውስጥ ነበር፣ አንዳንዱም በውሻ ሆድ አልፎ ነው የመጣው። ይህን መንገድ ሳናይ የትኛው በሽታ በማብሰል እንደሚቆም፣ የትኛው ደግሞ ሥጋውን እስኪያር ብትጠብሱት እንኳ እንደማይቆም መለየት አይቻልም።

መጀመሪያ እንለያቸው

ፓራሳይት ወይም ጥገኛ ተዋሲያን የምንላቸው በሌላ ሕያው አካል ላይ ወይም ውስጥ ተጠግተው፣ ከእሱ እየተመገቡ የሚኖሩትን ነው። ብዙ ሜትር የሚረዝሙ ትሎች አሉባቸው፣ ያለ ማይክሮስኮፕ የማይታዩ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረቶችም አሉባቸው። አባ ሰንጋ፣ የከብት ቲቢና ብሩሴሎሲስ ከዚህ ጎራ አይደሉም፣ ባክቴሪያ ናቸው። እነሱም ከከብት ወደ ሰው ይተላለፋሉ። አባ ሰንጋማ ካልታከመ በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ ታሞ ሊሞት ሲል «ቢላዋ ደርሶለታል» ተብሎ የታረደ ከብት ሥጋ የሚያስፈራው በአብዛኛው በእሱ ምክንያት ነው። ግን መከላከያቸውም ሕክምናቸውም ሌላ ስለሆነ እዚህ ላይ እንተዋቸው።

ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታን ባለሙያዎች ዙኖሲስ ይሉታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ ከብት አለ፤ በአፍሪካ የሚስተካከላት የለም። አብዛኛው ከብት ከባለቤቱ ጋር በአንድ ግቢ፣ አንዳንድ ቦታም በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራል። ውሻውም እዚያው ነው። ልጆቹም እዚያው ናቸው።

የኮሶ ትል፦ ከብቱን የሚያስይዘው ማን ነው?

የኮሶ ትል በሳይንሳዊ ስሙ ቴኒያ ሳጂናታ ይባላል። ጠፍጣፋና ነጭ ነው። ሰው ትንሹ አንጀት ላይ በጭንቅላቱ ተጣብቆ ይኖራል፤ 5 ሜትር ቢደርስ የሚገርም አይደለም፣ ከዚያም በላይ ያድጋል። ሰውነቱ ከ1,000 እስከ 2,000 ከሚሆኑ ቁርጥራጮች የተቀጣጠለ ነው። ጫፍ ላይ ያሉት ሲበስሉ እየተበጠሱ ከሰገራ ጋር ይወጣሉ፣ ወይም ራሳቸው እየተሳቡ ይወጣሉ። ሰው የውስጥ ልብሱ ላይ ወይም አንሶላው ላይ ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ አይቶ «ኮሶ ታየኝ» የሚለው ያኔ ነው። በአንዱ ቁራጭ ውስጥ ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል አለ።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ያ እንቁላል ሰውን አያስይዝም። የሚያስይዘው ከብትን ነው። ሰው ሜዳ ላይ ይጸዳዳል። እንቁላሉ በዝናብ ታጥቦ ሣር ላይና ኩሬ ውስጥ ይቀራል፣ ሁኔታው ከተመቸው ለወራት አይሞትም። ከብቱ ሲግጥ ይውጠዋል። ከዚያ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ ጡንቻ ይሄድና ከአተር በማይበልጥ፣ ውሃ በቋጠረ ከረጢት ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል። ከረጢቱ ሲስቲሰርከስ ይባላል። 10 ሳምንት ገደማ ሲሞላው ሰውን ለማስያዝ ይበቃል። ሰውየው ያንን ሥጋ ጥሬውን ከበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ ከሁለት ከሦስት ወር በኋላም ቁርጥራጭ መጣል ይጀምራል። ዙሩ ይቀጥላል።

ያደገው ትል ከሰው ሌላ ማደሪያ የለውም። በጅብም፣ በውሻም፣ በድመትም አይኖርም። ስለዚህ «ከብቱ ነው ያስያዘኝ» የሚለው ግማሽ እውነት ነው፤ ከብቱንም ቀድሞ ያስያዘው ሰው ነው። አንድ እረኛ ወይም አንድ የማድለቢያ ሠራተኛ ኮሶ ኖሮበት ሽንት ቤት ከሌለው፣ አጠገቡ ያለውን መንጋ በሙሉ ሊያስይዝ ይችላል።

ጉዳቱስ? በሐቅ ከተነጋገርን፣ ለአብዛኛው ሰው ቀላል ነው። ሆድ ይቆርጣል፣ ያቅለሸልሻል፣ አንዳንዱ ምግብ ያስጠላዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ቁራጩን እስኪያይ ድረስ ምንም አያውቅም። አልፎ አልፎ ቁራጩ ትርፍ አንጀት ውስጥ ገብቶ ችግር ይፈጥራል። በማኅበራዊ ሚዲያ «የጥሬ ሥጋ በላተኛ አንጎል» እየተባለ የሚዞረው በነጠብጣብ የተሞላ የራጅ ምስል ግን ሌላ ታሪክ ነው። ያ የአሳማው ትል፣ ቴኒያ ሶሊየም የሚባለው የሚያመጣው ነው። የእሱ እንቁላል በሰው አንጎል ውስጥ ከረጢት ሠርቶ የሚጥል በሽታ ሊያስከትል ይችላል። የከብቱ ትል ይህን አያደርግም። ሰውን ለማስፈራራት የማይገናኙ ሁለት ነገሮችን ማገናኘት ትክክለኛውንም ማስጠንቀቂያ ነው የሚያሳጣው።

ሕክምናው አለ። ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳሚድ የሚባሉት መድኃኒቶች በትክክል ከተወሰዱ ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ ይበቃል። ከዚያ በፊት በነበሩት ዘመናት፣ አሁንም በብዙ ቦታ፣ ሰው የሚጠጣው የኮሶ ዛፍ አበባን፣ እንቆቆን ወይም መተሬን ነው። ኮሶ ትሉን የማስወጣት አቅም እንዳለው አይካድም። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። ሲበዛ ክፉኛ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ በዓይን ላይ ጉዳት እንደሚያደርስም ይታወቃል። ሲያንስ ደግሞ የትሉ ገላ ተበጥሶ ይወጣና ጭንቅላቱ እዚያው ይቀራል። ጭንቅላቱ ከቀረ እንደገና ያድጋል። «ጠጥቼ ነበር፣ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ ታየኝ» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሰውየው ጥሬ ሥጋውን ስላልተወ አዲስ ይዞት ነው።

የቄራው ማኅተም ምን ያረጋግጣል?

«ማኅተም ያለው ሥጋ ነው፣ ምንም የለውም» የሚለው ሌላው የተለመደ ክርክር ነው። መርማሪው ምን እንደሚሠራ ቀረብ ብለን እንየው። በሬው ታርዶ ተገፎ ተሰቅሏል። መርማሪው የመንጋጋውን ጡንቻ ከአጥንቱ አቅጣጫ ጋር አስተካክሎ በቢላዋ ይገልጠዋል። ምላሱን ይዳስሳል። ልቡን ሰንጥቆ ይከፍታል። የትከሻውን ሥጋ ይቆርጥና ያያል። እነዚህን የሚመርጠው ከረጢቶቹ ደም በብዛት የሚዘዋወርባቸውና ብዙ የሚሠሩ ጡንቻዎች ላይ ስለሚበዙ ነው። የተገለጠው ቀይ ሥጋ መሃል ትንሽ፣ ነጣ ያለች፣ ውሃ የቋጠረች ነጥብ ካለች ትታየዋለች። ትሉ የሞተ ከሆነ ነጥቡ ጠንክሮ ኖራ ይመስላል።

አሁን ሁለት ወይም ሦስት ከረጢት ብቻ ያለበትን በሬ አስቡት። ሁለቱ ሽንጥና ታፋው ውስጥ ተቀብረዋል። ቢላዋው እዚያ አልደረሰም፣ ሊደርስም አይችልም፤ ሥጋውን በሙሉ ቢከታትፈው ማን ይገዛዋል? ስለዚህ በሬው ያልፋል። ይህ የእኛ ቄራ ድክመት ብቻ አይደለም። በአውሮፓም በዓይንና በቢላዋ የሚደረገው ምርመራ ጥቂት ከረጢት ያለባቸውን ከብቶች አብዛኛዎቹን እንደሚያሳልፍ በባለሙያዎች ዘንድ ከታወቀ ቆይቷል። ማኅተሙ ማለት «በታዩት ቦታዎች የሚታይ ነገር አልተገኘም» ማለት ነው። ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ በብዙ ከረጢት የተጠቃውን፣ ቲቢ ያለበትን፣ ጉበቱና ሳንባው የተበላሸውን ያስቀረዋል። ቅርጫው ላይ ግን ያም የለም። በበዓል ሰፈር ውስጥ፣ በገጠር ደግሞ ዓመቱን በሙሉ፣ አብዛኛው እርድ የሚካሄደው መርማሪ በሌለበት ነው።

ሚጥሚጣ፣ አረቄና ለብለብ

አጭር መልስ፦ ሚጥሚጣ ትሉን አይገድለውም፣ አዋዜም፣ ሰናፍጭም። አረቄን በተመለከተ ነገሩ ቀላል ነው። ይህ ትል በጨጓራ አሲድ ውስጥ አልፎ አንጀት ለመድረስ የተሠራ ነው። አሲዱ ያልጎዳውን መለኪያ አረቄ አይጎዳውም። እንዲያውም ከረጢቱ ተከፍቶ ትሉ የሚወጣው የምግብ መፍጨቱ ሥራ ሲጀመር ነው።

ለብለብ መሃል ላይ ያለ ነገር ነው። ቅቤው ይሞቃል፣ ሥጋው ቀለሙ ትንሽ ይለወጣል፣ መሃሉ ግን ጥሬ ነው። ትሉን ለመግደል ሙቀቱ እስከ ውስጥ ድረስ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፍ አለበት፣ ይህ ማለት ደግሞ ቀይነቱ የጠፋ ሥጋ ማለት ነው። ጥሬውን አልተውም ለሚል ሰው ሌላ መንገድ አለ፤ ማቀዝቀዝ። ሥጋው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ለ10 ቀን ከቆየ ከረጢቶቹ ይሞታሉ። የቤት ፍሪዘር ይህን ይችላል፣ መብራት ካልጠፋ። መብራት በየሁለት ቀኑ የሚጠፋበት ሰፈር ፍሪዘር ውስጥ የሰነበተ ሥጋ ግን ቀኑ ስለሞላ ብቻ አይታመንም፣ ለባክቴሪያም ምቹ ይሆናል።

በውጭ አገር ላላችሁ አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። በአሜሪካና በአውሮፓ የኮሶ ትል ስጋቱ ትንሽ ነው። እዚያ ክትፎ የሚያሳስበው በሌላ በኩል ነው፤ ሱፐርማርኬት ውስጥ ተፈጭቶ የሚሸጥ ሥጋ ከብዙ ከብት የተቀላቀለና ባክቴሪያው ውስጡ ድረስ የገባ ሊሆን ይችላል። ማቀዝቀዝ ትሉን እንጂ ሳልሞኔላንና ኢ ኮላይን አይገድልም። ክትፎ ለመሥራት የተፈጨ ሥጋ መግዛት ከሁሉም የባሰው ምርጫ ነው።

ከሥጋው ይልቅ ውሻው

ስለ ጥሬ ሥጋ ይህን ያህል ስንከራከር ከሁሉ የከፋው ጥገኛ ትል በጥሬ ሥጋ እንደማይተላለፍ ልብ የሚል ጥቂት ነው። ኢኪኖኮከስ ይባላል። የሚያመጣው በሽታ ሃይዳቲድ ወይም የሃይዳቲድ ከረጢት በሽታ ነው።

ትሉ ራሱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው፣ የሚኖረው ውሻ አንጀት ውስጥ። ውሻው አይታመምም። እንቁላሉ ከሰገራው ጋር ይወጣል፣ ፀጉሩም ላይ ይጣበቃል። በግ፣ ፍየል፣ ከብትና ግመል ከሣርና ከውሃ ጋር ይውጡታል። ጉበታቸውና ሳንባቸው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። ውሻው ያንን ጉበትና ሳንባ ጥሬውን ሲበላ ዙሩ ይሞላል። ሰው በዚህ ዙር ውስጥ ቦታ የለውም፣ በአጋጣሚ ነው የሚገባው። ውሻ ሲያሻሽ የቆየ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ይበላል፣ ወይም እንቁላሉ ያረፈበት ጎመን ሳይታጠብ ይበላል፣ ወይም ውሻ የሚንጎራደድበት የምንጭ ውሃ ይጠጣል። ሥጋ በሕይወቱ ቀምሶ የማያውቅ ሰውም ሊይዘው ይችላል።

ሰው ውስጥ ከገባ በኋላ አይቸኩልም። በአብዛኛው ጉበት ላይ፣ ቀጥሎም ሳንባ ላይ ይቀመጥና ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል። በልጅነቱ የያዘው ሰው ጎልምሶ ነው ሆዱ ሲያብጥ የሚያውቀው። ከረጢቱ ውስጥ ቢፈነዳ ውሃው ድንገተኛ፣ ነፍስ የሚያሰጋ የአለርጂ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። ሕክምናው ቀዶ ጥገና፣ ወይም በአልትራሳውንድ እየታየ በመርፌ መቅዳት፣ ከዚያም ለወራት የሚወሰድ አልቤንዳዞል ነው። የወረዳ ጤና ጣቢያ ይህን የሚችል አይደለም። በደቡብ ኦሞ በሐመር፣ በዳሰነችና በኛንጋቶም አርብቶ አደሮች ዘንድ፣ ድንበር ተሻግሮም በኬንያ ቱርካና፣ በሽታው ከተመዘገበ አሥርት ዓመታት አልፈዋል።

ወደ ቅርጫው እንመለስ። ሥጋው በየመደቡ እየተደለደለ ነው። ሳንባው ላይ የዶሮ እንቁላል የሚያህሉ ውሃ የቋጠሩ እብጠቶች አሉ። አንዱ በቢላዋ ጫፍ ወጋ ያደርገዋል፣ ውሃው ፊጭ ይላል። «ይሄማ ለሰው አይሆንም» ይባላል፣ ተቆርጦ አጥሩ ሥር ለሚጠብቀው ውሻ ይወረወራል። ሰውየው ጥንቃቄ አድርጓል፤ ቢበላው ግን አይይዘውም ነበር። የሚያስይዘው ያ ውሻ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ግቢው ውስጥ የሚጥለው ነው። (ለትክክለኛነት ያህል፣ የከብት ከረጢት ብዙ ጊዜ መካን ነው፣ ውሻን የሚያስይዝ ነገር ውስጡ የለም፤ ዙሩን በደንብ የሚያስቀጥለው በብዙ አካባቢ በግ ነው። ግን ቢላዋ ይዞ የቆመ ሰው በዓይኑ አይቶ መካኑን ከሌላው ሊለየው አይችልም።)

ይህ በሽታ የሚጠፋ ነው። አይስላንድ በ19ኛው መቶ ዘመን በዓለም ከሁሉ የባሰ ከተጠቁት አገሮች አንዷ ነበረች፤ ሕዝቡን ስለ ትሉ በማስተማር፣ ውሾችን በመቆጣጠርና የእርድ ተረፈ ምርትን ከውሻ በማራቅ አጠፋችው። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1959 የሃይዳቲድ ሕግ አወጣች፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ነጻ መሆኗን አወጀች። 43 ዓመት ማለት ነው፣ ያውም ደሴት ሆና፣ ውሾቿን በመዝገብ ይዛ።

ጉበትና ዱለት

የጉበት ትል፣ ፋሲዮላ፣ በደጋው ረግረግ አካባቢ ከብትና በግ ያከሳል። ጉበቱን ቀዳዶ የይዛወር ቱቦውን ያጠነክራል፣ አራጅ ሲቆርጠው ቅጠል መሳይ ትል ይወጣል። ብዙ ሰው ጉበት ወይም ዱለት ስበላ ይይዘኛል ብሎ ይፈራል። አይይዘውም። ትሉ መጀመሪያ በቀንድ አውጣ ውስጥ ማለፍ አለበት፣ ከዚያ ውሃ ዳር ባለ ተክል ላይ ይጣበቃል። ሰውን የሚይዘው ያንን ተክል ጥሬውን ሲበላ ወይም ያንን ውሃ ሲጠጣ ነው። ትል ያለበት ጉበት የበላ ሰው ሰገራው ውስጥ እንቁላሉ ሊታይ ይችላል፣ ያ ግን አልፎ የሚወጣ ነው። ላቦራቶሪው «የጉበት ትል አለብህ» ካለና ሰውየው በዋዜማው ጉበት በልቶ ከነበረ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደገና መመርመሩ ይሻላል። ይህ ማለት ጥሬ ዱለት ከምንም ነገር ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ባክቴሪያው እንዳለ ነው።

ገንዲ፦ በሬው እንደ ማከማቻ

በቆላው፣ በተለይ በደቡብና በምዕራብ ወንዞች አካባቢ፣ ገበሬው ገንዲ የሚለው በሽታ ትሪፓኖሶማ በሚባል ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ የሚመጣ ነው፣ አስተላላፊው ደግሞ ፄፄ ዝንብ። አብዛኛው የከብት ገንዲ ሰውን አይዝም። አንዱ ዓይነት ግን፣ ሮዴዚየንስ የሚባለው፣ በከብት ደም ውስጥ ምንም ሳያሳይ ተቀምጦ ሰው ሲያገኝ የእንቅልፍ በሽታ ይሆናል። ካልታከመ ይገድላል። ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1967 በጋምቤላ በኩል ነበር። ከዚያ ለአሥርት ዓመታት ድምፁ ጠፋና እ.ኤ.አ. በ2022 በደቡብ ኢትዮጵያ ጥቂት ሰዎች ላይ እንደገና ተገኘ።

ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ለመደናገጥ የሚያበቃም አይደለም። የሚያሳስበው የከብት ዝውውሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በኡጋንዳ ሶሮቲ በሽታው ከዚያ በፊት ወዳልነበረበት ወረዳ የገባው በገበያ በኩል በመጡ ከብቶች ነው። ሰዎቹ አልተንቀሳቀሱም፣ በሬዎቹ ናቸው የተንቀሳቀሱት። ፄፄ ባለበት አካባቢ ተገዝቶ ፄፄ ወዳለበት ሌላ አካባቢ የሚነዳ ከብት ከመሸጡ በፊት መድኃኒት ቢወጋ ይህን ይቀንሳል። እኛ ዘንድ ግን መድኃኒቱ ራሱ ጣጣ አለው። በየገበያው ይሸጣል፣ ገበሬው ብሩን ለመቆጠብ አንዱን ለሁለት በሬ ያካፍለዋል፣ ጥገኛውም ይለምደዋል። በጊቤ ሸለቆ መድኃኒት የተላመደ ገንዲ ከተመዘገበ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ማን ይከስራል?

እነዚህን አራቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አንድ ነገር ይታያል፣ ለእኔ የጉዳዩ እምብርትም ይሄ ነው። ገንዲና የጉበት ትል ከብቱን ያከሳሉ፣ ወተቱን ያደርቃሉ፣ በሬውን ከቀንበር ያስወጣሉ። ስለዚህ ገበሬው ማንም ሳይነግረው ኪሱ ገብቶ መድኃኒት ይገዛል፣ ትክክለኛውን ባይሆንም። የኮሶ ከረጢትና ሃይዳቲድ ግን ብዙ ጊዜ ከብቱ ላይ ምንም አያሳዩም። በሬው ይሰባል፣ ያርሳል፣ በጥሩ ዋጋ ይሸጣል። ገበሬው የማያየውን፣ የማይከስርበትን ነገር ለማጥፋት ለምን ብር ያወጣል?

ነጋዴው የሚከስረው ሥጋው ቄራ ላይ ከተወገደበት ብቻ ነው፣ ያኔም ብዙ ጊዜ ከየት ገበሬ እንደመጣ አይታወቅም። ይህ ፍራቻ ራሱ አንዳንዱን ወደ ሕገ ወጥ እርድ ይገፋዋል። በላተኛው ደግሞ ከወራት በኋላ ነው የሚያውቀው፣ ከየትኛው ሥጋ ቤት እንደያዘው አያውቅም። በሃይዳቲድ የታመመችው ሴት የዛሬ ሃያ ዓመት የነካችውን ውሻ አታስታውስም። ሰንሰለቱን ሊበጥሰው የሚችለው ሰው ጉዳቱ አይደርስበትም፣ ጉዳቱ የሚደርስበት ሰው ሰንሰለቱን አያየውም። ለከብት የኮሶ ክትባት በሙከራ በሚገባ ሠርቶ ሳለ ገበያ ላይ አለመውጣቱም ከዚህ ተነጥሎ አይታይም፤ ገዢ የለውም።

የሚነሡት ሐሳቦች

«ጥሬ ሥጋ ይከልከል» የሚሉ አሉ። ማብሰል የኮሶን ዙር በእርግጥ ይቆርጣል፣ ባክቴሪያውንም አብሮ ያስቀራል። ግን ማን ያስፈጽመዋል? ሰርግ ላይ፣ ቅርጫ ላይ፣ ሥጋ ቤት ላይ ያለውን ልማድ በመመሪያ ማስቆም አይቻልም፤ ቢቻልም ሃይዳቲድን አይነካውም። ምግቡን መተው ለግለሰብ ጥሩ ውሳኔ ነው፣ ለአገር ግን ፖሊሲ አይሆንም።

«ምርመራው ይጠንክር» የሚሉም አሉ። ትክክል ናቸው፣ እስከ ልኩ ድረስ። ቄራ የሌለው ከተማ ብዙ ነው፣ ያለውም ጋ ብዙው እርድ አይደርስም። ምርመራ ማጠናከር ከፈለግን የማስተካከያው መጀመሪያ ተረፈ ምርቱ ይመስለኛል፤ የተወገደ ሳንባና ጉበት ወዴት ነው የሚሄደው? ጉድጓድ ከሌለ፣ አጥር ከሌለ፣ በሩ ላይ ውሻ ከተኮለኮለ፣ ቄራው ራሱ የበሽታው ማባዣ ነው።

«ሽንት ቤት ነው መፍትሔው» የሚለው ለኮሶ ከሁሉም ወደ ሥሩ የቀረበ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ የተሠራው ሥራ በዚህም በኩል ይጠቅማል፣ ሲታቀድ ግን ስለ በሬ ታስቦ ባይሆንም። ሆኖም ሽንት ቤት ብቻውን አይበቃም። ቤልጂየምን የመሰሉ ሁሉም ሰው ሽንት ቤት ያለው አገሮችም የከብት ኮሶን ጨርሰው አላጠፉትም፤ የፍሳሽ ማጣሪያ እንቁላሉን በሙሉ አይገድልም፣ ጎርፍ ሲመጣ ግጦሽ ላይ ይደርሳል። ሽንት ቤቱ ካለ በኋላ ደግሞ ፍሳሹ የት እንደሚለቀቅ መጠየቅ ይመጣል፤ አዲስ አበባ ላይ በአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚለማውን አትክልት ማሰብ ይበቃል።

«ሁሉንም በመድኃኒት እንጨርስ» የሚለው ማራኪ ነው። ኮሶ ያለበትን ሰው ፈልጎ ማከም ከብቱን ከማከም ይረክሳል፣ አንድ ሰው የሚጥለው እንቁላል ስንት ከብት እንደሚያስይዝ ካሰብነው። ውሾችን በየጊዜው ፕራዚኳንቴል ማዋጥም ይሠራል፣ ግን ባለቤት ለሌለው የመንገድ ውሻ ማን ያውጠዋል? ከብት ላይ ደግሞ የመድኃኒት ነገር መጠንቀቅ ይፈልጋል። አልቤንዳዞል የወሰደች ላም ወተቷ ለተወሰኑ ቀናት መጠጣት የለበትም፣ ይህ የመቆያ ጊዜ ይባላል። ወተቷን ጠዋት ሽጣ ልጆቿን የምታበላ እናት ይህን ቀን የምታሳልፈው በምን እንደሆነ አብሮ ካልታሰበ መመሪያው ወረቀት ላይ ይቀራል።

የጤና ባለሙያውና የእንስሳት ሐኪሙ በአንድ ላይ ይሥሩ የሚለው አሠራር «ዋን ሄልዝ» ወይም አንድ ጤና ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ኢትዮጵያ ቅድሚያ የሰጠቻቸው አምስት ዙኖሲሶች ሲለዩ ሃይዳቲድ ከእብድ ውሻ በሽታ፣ ከአባ ሰንጋ፣ ከብሩሴሎሲስና ከሌፕቶስፓይሮሲስ ጋር ከዝርዝሩ ገብቶ ነበር። ኮሶ አልገባም። ገዳይነቱን ካየን ምርጫው ያሳምናል። የወረዳው ሥራ ግን ከዝርዝሩ ሁለቱን፣ የእብድ ውሻ በሽታንና ሃይዳቲድን፣ በአንድ ጉዞ መያዝ ይችላል፤ ለእብድ ውሻ ክትባት ውሻውን የያዘ ባለሙያ ኪኒኑንም በዚያው ሊያውጠው ይችላል፣ ውሻን ሁለት ጊዜ መያዝ ቀላል ስላልሆነ።

ወደፊት የሚታየው

በአዳማና በሞጆ አካባቢ ማድለቢያዎችና የኤክስፖርት ቄራዎች እየበዙ ነው፣ ገዢዎቹም በአብዛኛው የባሕረ ሰላጤው አገሮች ናቸው። ማድለቢያ ለኮሶ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል ከብቱ ከሜዳ ግጦሽ ይወጣል፣ መኖው በቁጥጥር ሥር ይሆናል። በሌላ በኩል በመቶዎች የሚቆጠሩ ከብቶች ከአንድ ገንዳ ይበላሉ፤ መኖውን ከሚያቀርቡት ሠራተኞች አንዱ ኮሶ ካለበትና የሚታጠብበት ውሃ ከሌለው በአንድ ጊዜ ብዙ ከብት ሊበከል ይችላል። በሌሎች አገሮች ማድለቢያዎች ይህ ደርሷል። ለሠራተኛው ሽንት ቤትና ሳሙና፣ በየስድስት ወሩም የሰገራ ምርመራ፣ ለማድለቢያው ባለቤት ከተወገደ አንድ በሬ ዋጋ ያነሰ ወጪ ነው። ከሰንሰለቱ ውስጥ የሚከፍለውና የሚከስረው ሰው አንድ የሚሆንበት ቦታ ካለ እዚህ ነው፣ ስለዚህ ለውጡ መጀመሪያ የሚታየው ከገጠሩ ግጦሽ ይልቅ እዚህ ሊሆን ይችላል።